ከአባይ በረሃ እስከ ዘጌ፦ የዘጠኝ ቀን የአፈር ቀለም ጉዞ

ይህ ጉዞ የሚያምረው ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ የቆረሰው የወንዝ ዳር ገና ሳይሸፈን አፈሩ ደርቋል። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ የጮቄ ተራራ ጭቃ አያስወጣም፤ የካቲት ከሆነ ደግሞ አቧራው የመንገዱን ዳር ሁሉ አንድ መልክ ያስይዘዋል።

መንገዱ ከቆላ ተነስቶ ወደ ውርጭ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ወይና ደጋ ይመለሳል። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ያው ቀይ አፈር፣ በያው ሙጫ ተለውሶ፣ አባይ በረሃ ላይ ይሰነጠቃል፣ ጮቄ ላይ አልደርቅ ይላል፣ ጣና ዳር ዘጌ ላይ ይሻግታል። ከአፈር ቀለም ሠርቶ የሚስል ሰው አየሩንም እንደ ቀለሙ መለካት አለበት። ብዙ ጀማሪ አፈሩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሙጫው መጠን ከቦታው አየር ጋር አለመስማማቱ ነው።

ለአንድ ሰው የሚበቃው ዕቃ ይህ ነው፦ ወፍራም የላስቲክ ከረጢት 30፣ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን 2፣ አንገታቸው የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር የውኃ ጠርሙስ 4፣ ለማጥለያ የሚሆን ያረጀ ነጠላ፣ ጎንና ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም መስተዋት፣ ትንሽ መጅ፣ የማያጣብቅ ቢላዋ፣ የኩሽና ሚዛንና እርሳስ። ስክሪፕቶ እርጥበት ሲነካው ሊደበዝዝ ስለሚችል የከረጢቱ መለያ ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ። መጁን ከሰው ቤት መዋስ ግን አይገባም፤ የገባበት አሸዋ ለዓመታት ከዱቄቱ ጋር ይወጣል። ከየከተማው ከመውጣት በፊትም መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ሄዶ ሾፌሮችን መጠየቅ የማይዘለል ሥራ ነው።

አንደኛ ቀን፦ አባይ በረሃ

ከጎሃ ጽዮን መውረድ የሚጀመረው ንጋት ላይ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ለሥራ አይመችም፤ ብርሃኑም የድንጋዩን ቀለም ያጥበዋል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። የገደሉን ንብብር በዓይን እየተከተሉ መውረድ ይቻላል፦ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ እየተፈራረቁ፣ ወደ ወንዙ ሲቀርቡ ደግሞ እንደገና ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ። ለሠዓሊ የሚጠቅሙት ሦስት ናቸው፦ ጀሶው ለነጭና ለመደብ (ከሥዕሉ በፊት ለሚቀባው መነሻ ቅብ)፣ ከሸክላማው ድንጋይ ውስጥ ቢጫና አረንጓዴ ቢጤው፣ ከታች ደግሞ ቀዩ።

መኪና የሚቆመው መንገዱ ሰፋ ባለበት ብቻ ነው። አስፋልቱ የሰመጠበትና የተሰነጠቀበት ቦታ መሬቱ የሚንሸራተትበት ስለሆነ፣ አፈሩ የቱንም ያህል ቢያምር እዚያ መቆም የለም። ድልድዩ ጥበቃ አለው፤ ካሜራ አይወጣም።

አፈር ሲወሰድ የላይኛው ሁለት ጣት ያህል ተፍቆ ይጣላል፤ የጭነት መኪና ጭስና አቧራ ጠጥቷል። ከውስጡ አንድ ኪሎ ይበቃል። ከመሙላት በፊት ቁንጥር አፈር በመዳፍ ላይ በጠብታ ውኃ ይታሽና እጅ ይታጠባል። የመዳፉን መስመሮች ተከትሎ የሚቀር እድፍ ካለ ቀለም ነው። ከታጠበ በኋላ እጁ ንጹሕ ከሆነ የያዙት ቀለም የተቀባ አሸዋ ነው፤ ሸክሙ አያዋጣም።

ጀሶና ኖራ ድንጋይ በዓይን ይምታታሉ። ጀሶ በጥፍር ይጫራል፣ ኖራ ድንጋይ አይጫርም። የሚያጠራጥር ከሆነ ትንሽ ተፈጭቶ ሎሚ ይንጠባጠብበታል፤ አረፋ የሚያወጣው ኖራ ድንጋይ ነው፣ ጀሶ ዝም ይላል። ጥሬው ጀሶ ተፈጭቶና ተነፍቶ በቆዳ ሙጫ ሲለወስ ለእንጨት ገበታ ጥሩ መደብ ይወጣዋል። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ጀሶ ግን የተቃጠለ ነው፤ ውኃ ሲነካው እዚያው ሳህን ላይ ድንጋይ ይሆናል። ያለው እሱ ብቻ ከሆነ፣ በብዙ ውኃ ተበጥብጦ የመጠንከር ኃይሉ እስኪሞት በየቀኑ እየተማሰለ ሳምንታት መቆየት አለበት። ለዘጠኝ ቀን ጉዞ አይሆንም።

ማምሻውን ደጀን ላይ እጥበቱ ይጀመራል። አንድ ኪሎ አፈር ከተፈጨ በኋላ 5 ሊትር ውኃ ይጨመርበትና በደንብ ይማሰላል። ከዚያ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። በዚህች ደቂቃ አሸዋው ይዘቅጣል፣ ቀለሙ ግን ገና ውኃው ውስጥ ተንሳፍፏል። የላይኛው ድፍርስ ቀስ ተብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል፤ ከታች የቀረው ይደፋል። ይኸው ሦስት ጊዜ ይደገማል። ሁለተኛው ላይ የደከመው ሰው ጥፋቱን የሚያውቀው ሥዕሉ ደርቆ በጣት ሲዳሰስ ነው፤ እንደ አሸዋ ወረቀት ይሻክራል። ሦስተኛው ድፍርስ ክዳን ተደርጎለት ያድራል።

ሁለተኛ ቀን፦ ደጀን – ደብረ ማርቆስ

ጠዋት ላይ ከጠርሙሱ አናት ያለው የጠራ ውኃ ይደፋል፤ ከታች እርጎ የመሰለው ዝቃጭ ቀለሙ ነው። ክዳኑ ጠብቆ አብሮ ይጓዛል።

ከደጀን እስከ ሉማሜ ያለው ሜዳ የጤፍ አገር ነው፣ ጥቁር ዋልካ። ጥቁረቱ ያጓጓል። ግን ዋልካ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በጋ ላይ እግር የሚያስገባው የማሳው ስንጥቅ ወረቀት ላይም በትንሹ ይደገማል። ሙጫ ቢጨመርበት ይብሳል። ለጥቁር ጥላሸትና ከሰል አሉ።

ከደጀን ወደ ቢቸና የሚገነጠለው መንገድ ሌላ ጉዞ ይፈልጋል። ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም በዚያ በኩል ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል አድገው ሥራቸው አሜሪካ ድረስ የታየላቸው ቄስ አዳሙ ተስፋውም የዚያው የቢቸና አካባቢ ሰው ናቸው።

ደብረ ማርቆስ እንደተገባ ቀድሞ የሚኬደው ዕጣን ሻጮች ዘንድ ነው፣ ለግራር ሙጫ። ሻጩ ሙጫ ያለው ሁሉ ለቀለም አይሆንም። አንዲት ፍሬ ውኃ ውስጥ ይጣላል፤ ሌሊቱን ሟሙታ ውኃውን እንደ ቀጭን ማር ካደረገችው ትክክለኛው ነው፤ ወተት አስመስላ ከታች ከቀረች የዕጣን ዘር ናት፣ ለጢስ ትሁን። 100 ግራም ሙጫ በ200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ይዘፈዘፍና ሌሊቱን ያድራል።

ሦስተኛ ቀን፦ ደብረ ማርቆስ

ሙጫው በነጠላ ይጠለላል፤ ቅርፊትና አሸዋ ይወጣዋል። ለየ100 ሚሊ ሊትሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ማርና ሦስት አራት ፍሬ ቅርንፉድ ይገባል። ማሩ ቀለሙን ያለሰልሳል፣ ቅርንፉዱ ሻጋታን ያዘገያል። የማሩ መጠን ነው በየአየሩ የሚለዋወጠው፦ ለአባይ በረሃ ሁለት ማንኪያ፣ ለደብረ ማርቆስ አንድ፣ ለዘጌ ግማሽ። ዘጌ ላይ ሁለት ማንኪያ ያደረገ ሰው ሥዕሉ ከጣቱ ጋር ይጣበቅበታል፤ ጉንዳንም ይሰለፍበታል።

ዝቃጩ አዲስ የሸክላ ምጣድ ላይ ይፈስሳል። ሸክላው ውኃውን ስለሚመጥጥ ብረት ትሪ ላይ ሙሉ ቀን የሚወስደው እኩለ ቀን ላይ ይደርቃል። ደርቆ እንደ ቅርፊት ሲነሳ መስተዋቱ ላይ በመጅ ይፈጫል፤ የመፍጨቱ ድምፅ ከመሻከር ወደ መንሸራተት ሲለወጥ በቃ ማለት ነው።

የእንቁላል ቀለም ለሚፈልግ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ይሻላል። አስኳሉ ከመዳፍ ወደ መዳፍ እየተገላበጠ ነጩ ከተራገፈለት በኋላ በሁለት ጣት ተይዞ ይበሳል፤ ሽፋኑ እጅ ላይ ይቀራል፣ ውስጡ ብቻ ይወርዳል። በልኩ ውኃ፣ ከዚያ ከድብልቁ ጋር እኩል የሆነ የቀለም ሊጥ። መፈተኛው መስተዋቱ ነው፦ የተቀባው ደርቆ በቢላ ሲነሳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከተጠቀለለ ትክክል ነው፤ ዱቄት ሆኖ ከረገፈ አስኳል አንሶታል፤ ቅባት ቅባት ካለ በዝቶበታል። ከዕለቱ አያልፍም፤ በማግስቱ ይሸታል። በገጠር ቤት ያረፈ ሰው በጾም ቀን የባለቤቷን ሳህን በእንቁላል መንካት የለበትም። ረቡዕና ዓርብ በሙጫ መሥራት፣ አለበለዚያ የራስን ሳህን ይዞ መዞር ነው።

ከሰዓት በኋላ የብራና ሥራ የሚታይበት ነው። ፍየሉ ሲገፈፍ ቢላ የነካው ቀዳዳ መርፌ የምታህል እንኳ ብትሆን ሲወጠር ሰፍታ ክብ ትሆናለች፤ የአሮጌ መጻሕፍት ገጾች ላይ የሚታዩት ክብ ቀዳዳዎች ብዙዎቹ የዚህ ውጤት ናቸው። ቆዳው ውኃ ውስጥ ቆይቶ ሲለሰልስ ዙሪያውን እየተበሳ በጠፍር ከአራት ማዕዘን እንጨት ጋር ይወጠራል። መጀመሪያ የሥጋው ወገን፣ ቀጥሎ የጠጉሩ ወገን ይፋቃል። ፋቂው በጣቱ ጀርባ መታ መታ ያደርገዋል፦ ወፍራሙ ቦታ ደንቆሮ ድምፅ ይሰጣል፣ የሳሳው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ድምፁ ከዳር ዳር አንድ እስኪሆን ይፋቃል። ጀርባው ላይ፣ አከርካሪው ባለፈበት መስመር፣ ሁልጊዜ ይወፍራል። ፀሐይ ላይ የሚወጥር ሰው ዳሩ ከመሐሉ ቀድሞ ይደርቅበትና ከጠፍሩ ቀዳዳ ይቀደዳል፤ ጥላ ይሻላል። ስብ ያልተፋቀበት ቦታ ደግሞ ቀለም አይቀበልም፤ ጠብታው እንደ ጤዛ ተሰብስቦ ይቆማል። ከፍቂው የሚራገፈው ቁርጥራጭ አይጣልም። አንዱ እጅ ቁርጥራጭ በአሥር እጅ ውኃ፣ ሳይፈላ፣ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ሲቆይ የቆዳ ሙጫ ይወጣዋል። ከፈላ መጣበቁ ይዳከማል።

ለጮቄ የሚሆነው ደረቅ ቀለም የሚጠቀለለው ዛሬ ማታ ነው፦ ሦስት ማንኪያ የተፈጨ ቀለም፣ ሁለት ማንኪያ ጥሬ ጀሶ፣ አንዱ በአሥር ውኃ የቀጠነ ሙጫ እንደ ሊጥ እስኪሆን። በጣት ውፍረት ተድቦልቡሎ ጥላ ላይ ይደርቃል። ሙጫ የበዛበት ወረቀቱን ይቧጭራል እንጂ ቀለም አይሰጥም፤ ያነሰው ኪስ ውስጥ ዱቄት ይሆናል።

አራተኛና አምስተኛ ቀን፦ ጮቄ

በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ላይ። ገብሱ እያነሰ ጓሳው እየበዛ ይሄዳል፤ ከዚያ ረጅሙ የውርጭ ተክል ጅብራው ብቻውን ቆሞ ይታያል። የጮቄ አናት ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ውኃ እዚህ 87 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የቆዳ ሙጫ ለማቅለጥ ይህ ጥሩ ነው፤ ዕቃውን የፈላ ውኃ ውስጥ ቢተክሉት እንኳ እንደ ቆላው በቀላሉ አይቃጠልም። ችግሩ ሲወጣ ነው፦ ብሩሹ ገበታው ላይ ሳይደርስ ሙጫው ይረጋል። መደብ መቀባት ጮቄ ላይ አይሞከርም፤ ደብረ ማርቆስ አልቆ ይምጣ።

የውኃ ቀለምም ልክ እንደዚሁ ያስቸግራል። ጭጋጉ ሲገባ የመጀመሪያው ቅብ ለሰዓት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ የቸኮለ ሰው ሁለተኛውን ይደርብበትና ሁለቱም ጭቃ ይሆናሉ። መፍትሔው ያ ትናንት የተጠቀለለው ደረቅ ቀለም ነው። ድንኳን ደጅ ያደረ እርጥብ ወረቀት ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ ውኃው ወረቀቱ ላይ በረዶ ሲሠራ ቀለሙን እየገፋ ያከማቸዋል፣ ጠዋት ሲቀልጥ የላባ ቅርጽ ያለው መስመር ይቀራል። እጅ አይሠራውም። ለዚህ የሚሆነው ስስ የሆነ የቢጫ ወይም የቀይ ቅብ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ቅርጹ አይወጣም።

የሥራው ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ነው። ከዚያ ጭጋጉ ሸለቆውን ይይዘዋል።

የጮቄ ጥቁር አፈር ደስ ይላል፣ ግን ጥቁረቱ ከብስባሽ ነው፤ በማግስቱ ይሸታል፣ በሳምንቱ ይሻግታል። መልሶ መሬቱ ላይ ማፍሰስ ነው። ጅብራ ለዓመታት አድጎ አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ስለሆነ ቅጠሉን ለመሳል ብሎ መቁረጥ ነውር ነው፤ የወደቀ ደረቅ ግንድ በየቦታው አለ፣ ክፍተቱና ጠባሳው ከቆመው ይልቅ ለእርሳስ ይመቻል። አስታውም እንዲሁ፤ ለማገዶ ብዙ ተቆርጧል፣ የሠዓሊ ከሰል አይጨመርበት።

ስድስተኛ ቀን፦ ግሽ አባይ

ደምበጫን፣ ቡሬን አልፎ ከጥሊሊ ወደ ሰከላ መገንጠል ነው። ረጅም የመኪና ቀን ስለሆነ ማደሪያው እዚያው ግሽ አባይ ይሁን፤ ምንጩ የሚታየው በማግስቱ ማለዳ፣ ሳይበሉ ነው። ቦታው ጠበል ነው። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 የአባይን መነሻ ብለው የጻፉለት ይህንኑ የግልገል አባይን ምንጭ ነው።

ከዚህ አፈር አይወሰድም። ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይዞ፣ አስተናባሪዎቹን አስፈቅዶ፣ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ስለ ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ የሚተረከው እዚሁ ነው፦ ለአባይ አደራ የሰጧቸው መጻሕፍት ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ ተመለሱላቸው። ብራና ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚገባው አለ፤ በሙጫ የተለወሰ ቀለም የቱንም ያህል ቢደርቅ ውኃ ሲነካው መልሶ ይሟሟል። የጥቁሩ ቀለም ጥላሸት አይጠፋም፣ የያዘው ሙጫ ግን ይለቀዋል።

ሰባተኛ ቀን፦ እንጅባራ – ዘንገና

በፋግታ ለኮማ በኩል መንገዱ ሁሉ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዘር ነው፤ ገበሬው ይተክለዋል፣ ያከስለዋል፣ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ለመሳያ ከሰል የሚሆነው ቅርንጫፉ ነው፣ እንደ እርሳስ የቀጠነ። ቅርፊቱ ተልጦ፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይሞላል። ክዳኑ ላይ በምስማር አንድ ቀዳዳ። እሳት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ጭስ መጀመሪያ ነጭ ነው፣ ከዚያ ይቀጣጠላል፣ በመጨረሻ ይጠፋል። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጭሱ ሲቆም ቆርቆሮው ከእሳት ይወጣል፤ ግን አይከፈትም። ትኩሱን የከፈተ ሰው አየር ይገባበትና ዓይኑ እያየ አመድ ይሆንበታል። ቡናማ የቀረ እንጨት ካለ አልበሰለም፤ ይመለስ።

የምድጃ ጥላሸት ለመጠቀም የሚፈልግ ደግሞ መጀመሪያ በጥቂት አረቄ ያርጥበው። ውኃ በቀጥታ ከተጨመረበት ጥላሸቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ አይለወስም። አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይሠራ።

ዘንገና ሐይቅ እሳተ ገሞራ የከፈተው ጉድጓድ ነው፣ ዙሪያው ጫካ። ከከንፈሩ ላይ ሲታይ ውኃው ጥቁር ነው ማለት ይቻላል፤ አዲሱ ከሰል የሚፈተነው እዚህ ነው።

ስምንተኛ ቀን፦ ዳንግላ – መራዊ – ባሕር ዳር

የጎጃም ምርጥ ቀይ አፈር በዚህ መንገድ ላይ ነው፤ መራዊ አካባቢ የተቆረጠ ዳር አይጠፋም። የገበሬ ማሳ ከሆነ ባለቤቱን ጠይቆ፣ ከማሳው ሳይሆን ከቦዩ ዳር መውሰድ። ከአባይ በረሃ የመጣው ቢጫ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዝምድናቸው ይታያል፦ ሁለቱም ዝገት ናቸው፣ ቢጫው ውስጡ ውኃ አለው። ደረቅ ቢጫ ዱቄት ምጣድ ላይ ሲቆላ፣ ከ300 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ያ ውኃ ይለቅና ቀይ ይሆናል። በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ እያወጡ ቢያስቀምጡ ከአንድ አፈር ስድስት ሰባት ቀለም ይገኛል። ሲቆላ ከሚታየው ጠቆር ያለ መልክ ላይ መፍረድ አይገባም፤ ሲበርድ ይቀላል።

ዘጠነኛ ቀን፦ ዘጌ

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ። ማለዳ መነሳት ያስፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ጫማ ወልቆ ይገባል፣ ፍላሽ አይበራም። ሥዕሉ የተሳለው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ዳሩ በተላጠበት ቦታ የጨርቁ ድርና ማግ ይታያል። ጭቃ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ጨርቁ ይዞት ይቆያል። ለዘመኑ ሠዓሊ ትልቅ ትምህርት ያለው ይህ ነው፤ በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሠራ ሰው ቀለም ከመለወስ በፊት ጨርቅ ይለጥፍ። ሰማያዊውን ሲያይ ግን አፈሩን ፍለጋ አይነሳ። በኢትዮጵያ ጥንታዊ ሥዕሎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ሰማያዊው ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ኢንዲጎ የተባለ የተክል ቀለም ወይም ስማልት የተባለ የተፈጨ ሰማያዊ መስተዋት ሆኖ ተገኝቷል። የጣና ደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ ሴት ሠዓሊ ዘጌን ትምረጥ።

በቡናው ጫካ ጥላ ሥር አየሩ እርጥብ ነው። ሙጫው ግማሽ ማንኪያ ማር የሚወስደው እዚህ ነው። የተሳለ ወረቀት ተደራርቦ ከአደረ ይጣበቃል፤ በየመሐሉ ደረቅ ወረቀት ይገባና ሰሌን ላይ ተዘርግቶ ያድራል። ነጭ ነጠብጣብ የታየበት ቀለም ዕቃ ይደፋል፤ ከላዩ ገፎ የቀረውን መጠቀም ሻጋታውን ወደ ሥዕሉ ማዛወር ነው።

ወደብ ላይ የደንገል ታንኳዎች ዳር ተደግፈው ይደርቃሉ፤ እነሱም ውኃ እየጠጡ ስለሚከብዱ በፀሐይ መድረቅ አለባቸው። ጀልባ ከመሳፈር በፊት ሥዕሉ በሁለት ላስቲክ ይጠቀለላል፣ አፉ ወደ ታች ታጥፎ ይታሰራል፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ጭን ላይ ይያዛል። በሙጫ የተሠራ ነውና አንድ የሞገድ ፍንጣቂ ይበቃዋል።